ዓይንህን ከአፉ እንዳትነቅል

ዓለም ባንክ ሰፈር በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አንድ የአራት ዓመት ልጅ ባገኘኝ ቁጥር ሪፖርት ያቀርብልኛል።

«በልቻለሁ» ይላል፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ።

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ዳቦና አቮካዶ የያዘ ፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ እየወጣሁ ነበር። ሰላምታ መስሎኝ «ጎበዝ» ብዬው አለፍኩ። በሌላ ቀን ጭራሽ አፉን እስከ ጉሮሮው ድረስ ከፍቶ አሳየኝ። ባዶ ነው፤ የተደበቀ ነገር የለም። መነጽር አደርጋለሁ፣ ሸብቻለሁ፣ ፊቴም ያለ በቂ ምክንያት አይስቅም፤ ከጤና ጣቢያ የመጣሁ መስሎት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ምስጢሩን የነገረኝ የኩሽናዬ መስኮት ነው። ኮንዶሚኒየም የሚሠራ ሰው ግድግዳ የሚያቆመው ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደለም። የልጁ ቤት ከእኔ ቤት በላይ ነው፤ ኩሽናቸውም ከኩሽናዬ በላይ። ሁለታችንም መስኮት ስንከፍት የእነሱ ሽንኩርት ወደ እኔ ይወርዳል፣ የእኔ ሬዲዮ ወደ እነሱ ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ የእናትየው ድምፅ ጥርት ብሎ ወረደ።

«ናሆም፣ ጉረስ። ካልጎረስክ ታች ቤት ያሉት ሰውዬ ይመጣሉ።»

«መጥተው ምን ያደርጋሉ?»

«የማይበላ ልጅ ነው የሚበሉት።»

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። የልጆች ማስፈራሪያ የነበረው ጅብ በዚህ በኩል ሕንፃ ሲበዛ ወደ ውጭ ስለተገፋ ቦታው ክፍት ሆኖ ነበር፤ መቼም አንድ ሰው መሾም ነበረበት። ሹመቱ ሳልጠየቅ ደርሶኛል። የልጁ እናት ጨዋ ሴት መሆኗን ግን መመስከር አለብኝ፤ ልጇን የምታስፈራራብኝ እንኳ በአንቱታ ነው።

አልተቆጣሁም። ይልቅ ያስገረመኝ ሥራው ለእኔ አዲስ አለመሆኑ ነው። በልጅነቴ፣ እዚሁ ኮልፌ፣ የሰው ልጅ እንዲበላ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ያኔ ግን ለማስፈራሪያነት አልነበረም፤ ለምሳሌነት ነበር።

ያደግኩት አጠና ተራ ጀርባ ነው። አሁን ሕንፃው ሁሉንም ሸፍኖታል እንጂ ያኔ ከቤታችን ስወጣ መጀመሪያ የሚያገኘኝ ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሽታ ነበር። በበጋ መንገዱ አቧራ ነው፣ በክረምት ጭቃ፤ በሁለቱ መካከል ያለችው መስከረም ብቻ ሰው ጫማውን አይቶ የማያዝንባት ወር ነበረች። አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ገና ሳይነጋ ይወጣና ሲመሽ ይገባል። እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። እኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የጠዋት ፈረቃ ስለምማር ቀትር ላይ ቤት እደርሳለሁ።

አባቴ ከመውጣቱ በፊት ምሳዬን በሳህን ያደርግና በሌላ ሳህን ይከድነዋል። ወጥ መሥራት የተማረው እናቴ ከሞተች በኋላ ነበር፤ መሪ ይዞ ከኖረ እጅ የሚጠበቀውን ያህል ይጥማል። ችግሩ ጣዕሙ አልነበረም። ክዳኑን የምከፍተውም፣ «እንብላ» የምለውም፣ ያንን የምሰማውም እኔ ብቻ መሆኔ ነበር። ሁለት ጊዜ እጎርስና ሦስተኛው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። የቀረውን ለጎረቤት ውሻ አውጥቼ እሰጣለሁ፤ ማታ አባቴ ባዶውን ሳህን ያይና «ጎበዝ» ይለኛል። እናቴ በሕይወት ሳለች «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ትል ነበር። ካደግኩ በኋላ በተረቱ ላይ ተቃውሞ አለኝ፤ አብሮ የበላም ሲሞት ብቻውን ነው። ያኔ ግን ተረቱን የምረዳው እንደ ሕግ ነበር፤ ብቻዬን በበላሁ ቁጥር የሆነ ነገር የምፈርም ይመስለኝ ነበር።

የሰፈሩ ሆዳም ተብሎ ስሙ የወጣው ይህ ልጅ ነው።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቶቻችን ጋሽ ፈቀደና እትዬ አስካለ ይባላሉ። ጋሽ ፈቀደ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው መርካቶ ጨርቅ መሸጥ የጀመሩ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሱቃቸው የሚውሉ ሰው ነበሩ። ቢኒያም የሚባለውን ልጃቸውን ያገኙት ብዙ ዓመት ጠብቀው፣ ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ነው። ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። ከግቢ አይወጣም፤ ብርድ ይመታዋል፣ ኳስ ይመታዋል፣ መኪና ይመታዋል ተብሎ ይፈራለታል። እሱ ደግሞ አይበላም።

አይበላም ስል እንደ ዛሬ ልጆች ፓስታ ካልሆነ አልነካም ማለቱ አይደለም። ፓስታውንም አይበላም። ጎመኑን አይበላም፣ አይቡን አይበላም፣ ቆጮውን አይበላም። በዚያ ቤት የእሑድ ክትፎ በረንዳ ላይ ሲቀርብ ሽታው እኛን አልፎ ሦስተኛው ግቢ ድረስ ሰው ያስተክዝ ነበር፤ ቢኒ ግን ፊቱን ያዞራል። እትዬ አስካለ ያልሞከሩት የለም። አብሽ በማር አጠጡት፤ ጠበል ወሰዱት፤ ሐኪም ያዘዘለትን ሽሮፕ በማንኪያ ሰጡት። ይህ ለአባባ፣ ይህ ለእማማ፣ ይህ ለሙሉ እያሉ ለመኑት። ሙሉ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ምላሷ ከቢላዋዋ የሚቀድም ወጣት። «እኔ ድርሻዬን ለአባባ ሰጥቻለሁ፣ ሁለት ይጉረስላቸው» ትላለች።

ብዙ ዓመት ጠብቃ የወለደች እናት ዘንድ ልጅ ያልጎረሰው እያንዳንዱ ጉርሻ ክስ ነው። ይህ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ የሚታየኝ እህል ይዛ በግቢው ዙሪያ ልጅ የምታሳድድ ትልቅ ሴት ነበረች።

እዚያ ገበታ ላይ የደረስኩት በኳስ ነው። ጥቅምት ላይ ይመስለኛል፣ ነፋሱ ቆዳ የሚያደርቅበት ወቅት። የጨርቅ ኳሳችን አጥሩን ዘላ ገባች፤ ላወጣት ገባሁ። እትዬ አስካለ በረንዳው ላይ ቢኒን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲያባብሉ ደረስኩ።

«ና፣ እንብላ» አሉኝ።

«ጠግቤያለሁ።»

«ና በሞቴ፣ አንዴ ብቻ።»

አባቴ ሰው ቤት ሲጋበዙ ሦስት ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚገባ አስተምሮኛል። ሦስተኛው ላይ ሳልደርስ እትዬ አስካለ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተቱ። ጎመን በአይብ ነበር፣ በቅቤ የራሰ። ቆሜ አላመጥኩና ዋጥኩ። ቢኒ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጉሮሮዬ ሲወጣና ሲወርድ ተመለከተ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

 እትዬ አስካለ ቶሎ ብለው አጎረሱት።

«ሙሉ፣ አየሽ?» አሉ በሹክሹክታ።

«አየሁ እትዬ። ይሄን ልጅ የት ደብቀውት ነበር?»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሙሉ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ጠበቀችኝ። «ታሜ፣ ና ተጣጠብ፤ ሥራ ተገኝቶልሃል» አለችኝ። ታምራት ነው ስሜ፤ ታሜ የሚሉኝ እነሱ ቤት ነበር።

እንግዲህ በየቀኑ ቀትር ላይ እጄን ከበረንዳው ሥር ካለው ባኞ ውኃ እየጨለፍኩ እታጠብና እቀመጣለሁ። በታሪክ መጻሕፍት ስለ ነገሥታት ቀማሾች አንብቤያለሁ፤ መርዝ እንዳይኖርበት ከንጉሡ ፊት ቀድመው የሚበሉ ሰዎች። የእኔ ሹመት ከዚያ ይለያል። እኔ መሞት አይጠበቅብኝም፤ ማስጎምጀት ብቻ ነው። ማስጎምጀቱ ደግሞ ጥረት አልጠየቀኝም። ቤቴ ውስጥ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ የሚዘጋው ጉሮሮዬ እዚያ በረንዳ ላይ ዝም ብሎ ተከፈተ። ሙሉ ትቀልዳለች፣ እትዬ አስካለ ይጨምራሉ፣ ቢኒ እግሩን ከወንበሩ ሥር ያወዛውዛል፤ እኔ እበላለሁ። «ሆዱ የት ነው ያለው?» ትላለች ሙሉ። «ይሄ ልጅ እኮ አውቶቡሱንም ይበላዋል።» ሰፈር ውስጥ እርቦት ነው ተባለ። አልራበኝም ነበር። ለሚፈልገው ሰው ልዩነቱን ማስረዳት ዛሬም ይከብደኛል።

አንድ ተጨማሪ ኃላፊነትም ነበረብኝ። ቢኒ ይጎርሳል እንጂ አይውጥም። ያጎረሱትን በግራ ጉንጩ ያቁረዋል፤ ሲያዩት የጥርስ ሕመምተኛ ይመስላል። እትዬ አስካለ ፊቱን አይተው አይለዩም፤ እኔ ግን ልጅ ለልጅ ነውና እለያለሁ።

«ዓይንህን ከአፉ እንዳትነቅል» ይሉኛል። «ሲውጥ ንገረኝ።»

አልነቅልም። «ዋጠ» እላለሁ፣ እሳቸው ያጎርሱታል። «አልዋጠም» እላለሁ፣ ይጠብቃሉ። ዓይኔን ከሰው አፍ ላይ ተክዬ የዋልኩት በእናቱ ትእዛዝ መሆኑን እዚህ ላይ አስቀምጬ ልለፍ፤ ኋላ ያስፈልገኛል።

ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው እየተባለ ብዙ ይወራል። እኔ እጠራጠራለሁ። የሰው አፍ ውስጥ የራስህን እጅ ከተህ፣ እምቢ እንዳይልህ «በሞቴ» ብለህ ማሰር ከፍቅር ይልቅ ለአስተዳደር ይቀርባል። አንድ እስረኛ ምግብ አልበላም ቢል ዓለም ሁሉ ዓላማው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። የአምስት ዓመት ልጅ አልበላም ቢል ግን ዓላማ ይኖረዋል ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ አብሽ ያጠጡታል።

ቢኒ ዓላማ ነበረው። የነገረኝ አንድ ቀን እትዬ አስካለ ሰው መጥቶባቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው። ጉንጩ እንደተወጠረ ብቻችንን ቀረን።

«ለምንድን ነው የማትውጠው?» አልኩት።

ከንፈሩን ሳይከፍት የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«ምን?»

የያዘውን ወደ ሌላኛው ጉንጩ አዛወረና «ከዋጥኩማ ያልቃል» አለኝ። «ካለቀ ደግሞ ትሄዳለህ።»

እውነቱን ነው። ምሳው ሲያልቅ «በል ታሜ፣ በሰላም ሂድ» እባላለሁ፤ በሩ ይዘጋል፤ እሱ ከሙሉና ከዶሮዎቹ ጋር እስከ ማታ ይቀራል። እኔ ወደ ተከደነው ሳህኔ እመለሳለሁ። ስለዚህ ሁለታችንም ያንን ምሳ እናረዝመው ነበር፤ እሱ ባለመዋጥ፣ እኔ ደጋግሜ በመብላት። እትዬ አስካለ በመካከላችን ተቀምጠው የአንዱን ሆድ ያደንቃሉ፣ ለሌላው ሆድ ያለቅሳሉ። አንድ ቀጭን ልጅና አንድ ሆዳም ልጅ ያዩ ነበር። አጠገባቸው የነበሩት ግን ብቻቸውን መቅረት የሚፈሩ ሁለት ልጆች ናቸው።

ከጥምቀት በኋላ የእትዬ አስካለ ታላቅ እህት ከአገር ቤት መጡ፤ እማማ በላይነሽ ይባላሉ። የመጡት ዓይናቸውን ሊታከሙ ነው። በግራ ዓይናቸው ላይ ፋሻ አለ፤ ቀኙም ቢሆን ሰውን የሚለየው ቀርቦ ሲናገር ነው። የመጀመሪያ ቀን ምሳ ላይ ከበረንዳው ጥግ ተቀምጠው ዝም ብለው አዳመጡ። «ዋጠ» ስል ወደ እኔ ዞሩ።

«ይሄ ማነው?»

«የጎረቤት ልጅ ነው፣ እታለም» አሉ እትዬ አስካለ። «ቢኒን የሚያበላልን።»

«እሱ ነው የሚያበላው ወይስ እሱ ነው የሚበላው?»

ሙሉ ሳቀች። እማማ በላይነሽ አልሳቁም። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ጉንጬን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ የቢኒን ዳሰሱ። እኔ ከጥቅምት ወዲህ ወፍሬ ነበር። ቢኒ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጉንፋን ይዞት ከስቷል። ለአንድ ምርመራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገም።

«አፉን ነው የሚያየው» አሉ። «ልጁ በጎረሰ ቁጥር አፉን ያየዋል። አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን ዓይን እየበላው ቁጭ ብለሽ ታጎርሺያለሽ?»

«እኔ እኮ ነኝ እይ ያልኩት፣ እታለም።»

«አንቺ ባትይውስ አያይም ነበር?»

 ብዙ መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ እንኳ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲሠራ መልሱን ቀድሞ ውጦ ነው። እጄ ውስጥ ቆጮ ይዤ ነበር። ልጉረሰው ወይስ ልመልሰው የሚለውን ሳላውቅ ቆየሁና መሶቡ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። ቢኒ ሁላችንንም በተራ አየንና አፉን ዘጋ።

እትዬ አስካለ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አላባረሩኝም። በማግስቱ ሙሉ በሩን በግማሽ ከፍታ «ዛሬ እንግዳ አለብን» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን «ቢኒ ተኝቷል» አለች፤ ቢኒ ከኋላዋ ቆሞ ያየኛል። በሌላ ቀን ወደ ውጭ ወጥታ በሩን ከጀርባዋ ዘጋችና ነገረችኝ።

«ዓይኑ ነው ብለዋል። እኔ አላምንም ታሜ፤ ግን እንጀራዬ ነው።»

«እሺ» አልኩ።

«ሲያልፍ ይጠሩሃል። አሮጊቷ ዓይናቸው ሲድን ይሄዳሉ።»

እንዲህ ያለ ወሬ አጥር አይዘውም። አባቴ የሰማው ከአውቶቡሱ ቲኬት ቆራጭ ነው፤ ቲኬት ቆራጩ እዚያው ሰፈር ይኖራል። ያን ቀን ማታ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሰው ቤት መብላቴን ያወቀው ያኔ ነው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ መብራቱ አዞረው፤ ለረጅም ጊዜ ዓይኖቼን አየ።

«የእናትህ ናቸው» አለ። «ማንም ምንም ቢልህ፣ የእናትህ ዓይኖች ናቸው።»

ከዚያ ተነሥቶ ኮቱን ሰቀለ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገርንም።

ምሳዬን ይዤ ወደ አጥሩ መውጣት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ በኩል አንድ የተሰበረ የሲሚንቶ ጡብ ነበር፤ እሱ ላይ ተቀምጬ ጀርባዬን ለቆርቆሮው እሰጣለሁ። ቆርቆሮው ቀትር ላይ ይሞቃል። በረንዳቸው ከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሁሉ ይሰማኛል። ሳህኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እነሱ «እንብላ» ሲሉ እጀምራለሁ። የማያዩኝ እንግዳ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ሰሞን ቢኒ አለቀሰ። ከዚያ እትዬ አስካለ እናቶች ሁሉ የሚያውቁትን መላ አመጡ።

«ይሄን ከጨረስክ ታሜን እንጠራዋለን።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

 ማላመጤን አቆምኩ። ቢኒ ምሳው እንዳያልቅ ጉንጩ ውስጥ የሚያቁር ልጅ ነው፤ አሁን ምሳው ማለቅ ነበረበት። ማንኪያው ደጋግሞ ሲነካ፣ ውኃ ሲጠጣ፣ ሲያስለው ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ቀጭን ድምፁ መጣ።

«ጨረስኩ። አሁን ታሜን ጥሩት።»

«ውይ፣ የኔ ጀግና» አሉ እትዬ አስካለ፤ ድምፃቸው ውስጥ እንባ ነበር። «እግዚአብሔር ይመስገን። እታለም፣ ጨረሰ እኮ።»

«አላልኩሽም?» አሉ እማማ በላይነሽ። «ዓይኑ ሲነሣለት ጊዜ።»

«ታሜን ጥሩት።»

«ነገ» አሉት።

በማግስቱም ጨረሰ። «ትላንት ነገ ብላችኋል» አለ። ሙሉ «ነገ ደግሞ ምስር አለ፣ እሱንም ከጨረስክ» አለችው። ምስሩን ጨረሰ። ያንን ፊቱን የሚያዞርበትን ክትፎ ጨረሰ። በየካቲት ነፋስ፣ ከዚያም የበልግ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ልጅ እኔን ለማስጠራት ይበላ ነበር። በበላ ቁጥር ይወፍራል፤ በወፈረ ቁጥር እኔ አለመጠራቴ ትክክል መሆኑ ይረጋገጣል። የሰው ልጅ ከደረሰባቸው ማስረጃዎች ሁሉ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ አላየሁም። ክሱ ሐሰት ነበር፣ ፍርዱ ግን ሠራ።

ድምፅ ማሰማት እችል ነበር። ቆርቆሮውን በጣቴ ብነካው ይሰማል። ግን ምን ብዬ? «እዚህ ነኝ» ብል ይደሰታል፤ እነሱም ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ጆሮውም አጥራችን ላይ ነው ይላሉ። ስለዚህ የጎረስኩትን ሳልውጥ ጉንጬ ውስጥ ይዤ፣ «ጨረስኩ» እስኪል እጠብቃለሁ። ከእሱ የተማርኩት ነው። እሱ ሲጨርስ እውጣለሁ።

አንድ ቀን «ጨረስኩ» አለ። ቀጣዩን ጠበቅኩ። አልመጣም። ወንበሩ ተገፋ፤ እግሩ በረንዳውን ዘልቆ ወደ ዶሮዎቹ ሄደ። በማግስቱም «ጨረስኩ» ብቻ ነው ያለው። ከዚያ ወዲህ አጥሩ ሥር አልተቀመጥኩም።

የተገናኘነው ክረምት ሊገባ ሲል፣ በራቸው ላይ ነው። የአባቱን እጅ ይዞ ወደ ሱቅ ይሄዳል፤ ጉንጮቹ ሞልተዋል፣ አንገቱ ወፍሯል። ጋሽ ፈቀደ በአጠገቤ ሲያልፉ ሰላም አሉኝ። ቢኒ ቀና ብሎ አየኝና በሌላው እጁ አፉን ሸፈነ።

በክፋት አይደለም። አንድ ሰው አስተምሮታል፤ ልጅ ደግሞ ከመብላት በስተቀር ሁሉንም ቶሎ ይማራል። እኔም ዓይኔን ነቅዬ መሬት መሬት እያየሁ አለፍኩ። ዓመቱ ሳይዞር አባቴ ቤት ለውጦ ወደ ሳንሱሲ ወሰደኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ገበታ ላይ ተቀምጫለሁ። አግብቼ ነበር፤ ፈትቻለሁ። ሰዎች ሲጎርሱ ወደ ሳህኔ የማየት ልማድ አለብኝ። ሚስቴ የነበረችው ሴት ኩራት ይመስላት ነበር፤ «እኔ ከግድግዳ ጋር ነው እንዴ የምበላው?» ትለኛለች። ነገሩን አንድ ቀን እነግራታለሁ እያልኩ ስዘገይ ሌላ የምንነጋገርበት ጉዳይ በዛ።

ባለፈው ሳምንት የናሆምን እናት ደረጃው ላይ አገኘኋት። ላናግራት ቆርጬ ነበር፤ ቃላቱንም አዘጋጅቻለሁ፣ ጨዋነትና መርዝ በእኩል ተመጥነውባቸው። ቃል መመጠን ሙያዬ ነው። እሷ ጀሪካን ይዛ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

«ልጁ እንዴት ነው?» አልኳት። «ይበላልሻል?»

ፊቷ በራ። «ኧረ ጋሼ፣ ተመስገን ነው። ዓመት ሙሉ ሲያሰቃየኝ ከርሞ፣ ሰሞኑን እየበላ ነው።»

«ምን አድርገሽለት ነው?»

ቀላች። ጀሪካኑን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። «እንዲሁ... እንዲሁ ነው ጋሼ።»

ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዋጥኩት። በድካም የከሳች ሴት ናት፤ ልጇ እየበላ ነው። ከዚህ ቀደምም የሰው ልጅ በእኔ ምክንያት በልቶ ወፍሯል፤ ልምዱ አለኝ። «በርቺ» ብያት ገባሁ።

ዛሬ ምሳዬን ያቀረብኩት በእነሱ ሰዓት ነው። ሰሞኑን እንዲህ ሆኛለሁ፤ ወንበር ሲጎተት ስሰማ ክዳኑን እከፍታለሁ። ሽሮ ነው፣ ራሴ የሠራሁት፤ የአባቴን ወጥ መምሰል ጀምሯል። መስኮቱ ክፍት ነው። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ ስደርስ ጉንጬ ውስጥ ያዝኩት።

«ጨረስኩ» አለ ናሆም ከላይ።

«ጎበዝ የኔ ልጅ። በቃ፣ ሰውዬው አይመጡም።»

ሳህን ተነሣ። ቧንቧ ተከፈተ፤ ተዘጋ።

«እማዬ፣ እሳቸውስ በልተዋል?»

«እነማን?»

«ታች ቤት ያሉት ሰውዬ።»

እናትየው «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች።

ሳህኔን አየሁ፤ ግማሹ አልተነካም። ጉንጬ ውስጥ የነበረውን ዋጥኩ።

«በልቻለሁ» አልኩ ወደ መስኮቱ፣ ማንም እንዳይሰማኝ አድርጌ።